አንድ ወፍራም ግንድ ስለ ማሳደግ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር





ንግግሬ ስለ አንድ የአበባ ዛፍ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «የመልቀቂያ ፈተና ደርሶ ሳለ ስለ ጃፓን አበባ ማውራት ምን ይረባል?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱን ግን በመግቢያዬ ላይ አልሰጥም፤ ንግግሬ ራሱ ይመልሰው ዘንድ እተወዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃፓን አገር ቁመቱ ከአንድ ክንድ ወይም ከአንድ ክንድ ተኩል የማይበልጥ፣ ጥልቀት በሌለው የሸክላ ገበታ ላይ የቆመ፣ ነገር ግን ግንዱ እንደ ጐልማሳ ሰው ክንድ፣ አንዳንዴም እንደ ጭን የወፈረ የአዛሊያ ዛፍ ይገኛል። ግንዱ ከሥሩ ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ቅርንጫፎቹም በየደረጃው ተዘርግተዋል። በአበባው ወራት ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ አበባ ይለብሳል። ይህን ያየ ሰው ሁለት ጥያቄ ይነሣበታል። ዛፉ እንዲህ ትንሽ ሆኖ ሳለ ግንዱ እንዴት ወፈረ? ግንዱ እንዲህ ወፍሮ ሳለ ዛፉ እንዴት ትንሽ ሆነ? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ አይደለም። እንዲያውም አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው። ግንዱን ያወፈረው አንድ ዓይነት አያያዝ ነው፤ ዛፉን ያሳነሰው ደግሞ ሌላ ነው። የዚህ ጥበብ ምሥጢር የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ማወቅ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ይህ ዓይነቱ የዛፍ አያያዝ ቦንሳይ ይባላል። «ቦን» በጃፓንኛ ዝቅ ያለ ገበታ ወይም ሳሕን ማለት ነው፤ «ሳይ» ማለት ደግሞ መትከል ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ በገበታ ላይ የተተከለ እንደ ማለት ይሆናል። ሥራው የተወለደው በቻይና ሲሆን ከዚያ ወደ ጃፓን ተሻገረ። በ1309 ዓ.ም. በተሣለ አንድ የታወቀ የጃፓን ጥቅል ሥዕል ላይ በገበታ የተተከሉ ትንንሽ ዛፎች ይታያሉ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ቶኪዮ በ1923 ዓ.ም. በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በፈራረሰች ጊዜ ከከተማይቱ የወጡ የቦንሳይ ባለሙያዎች ከቶኪዮ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኦሚያ በ1925 ዓ.ም. አንድ መንደር መሠረቱ። መንደሩ እስከ ዛሬ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው የቦንሳይ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። እንግዲህ ቤቱ የፈረሰበት ሰው መጀመሪያ ይዞ የወጣው ዛፉን ከሆነ፣ ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ መገመት ይቻላል።

ለቦንሳይ የሚመረጡ ዛፎች ብዙ ዓይነት ናቸው። እኔ የምናገረው ሳትሱኪ ስለሚባለው አዛሊያ ነው። አዛሊያ ሮዶደንድሮን ከሚባለው የዕፀዋት ወገን ነው። ሮዶደንድሮን በአገራችን ዱር አይበቅልም፤ ዘመዱ ግን አለ። በስሜንና በባሌ ተራሮች ብርዳማ ከፍታ ላይ የሚበቅለው አስታ ከአዛሊያ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ የሚቈጠር ነው። ሳትሱኪ ማለት በጃፓን ጥንታዊ አቈጣጠር አምስተኛው ወር ማለት ነው። ይህ ዛፍ ከሌሎቹ አዛሊያዎች ዘግይቶ፣ በእኛ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ስለሚያብብ በሚያብብበት ወር ስም ተጠራ። ጃፓኖች ለዚህ አበባ ያላቸው ፍቅር የቈየ ነው። በ1692 ዓ.ም. ኢቶ ኢሄይ የሚባል፣ ያን ጊዜ ኤዶ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው ከተማ ችግኝ እያፈላ ይሸጥ የነበረ ሰው፣ ስለ አዛሊያ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም ከ300 የሚበልጡ ዓይነቶችን ቀድመው የሚያብቡትን ከሳትሱኪ ለይቶ በየተራ ገለጸ።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ልግባ። ሳትሱኪ በዱር ሲገኝ ዛፍ አይመስልም፤ ቍጥቋጦ ነው። የሚበቅለው በወንዝ ዳር፣ በዐለት መካከል ስለሆነ ውሃ በሞላ ቍጥር ጐርፍ ያልፍበታል። ስለዚህ ከመሬት ዝቅ ብሎ፣ ከሥሩ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች አውጥቶ፣ በጠባብ ቅጠሎቹ መካከል ውሃውን እያሳለፈ ይኖራል። አንዱ ግንድ ቢሰበር ሌላው ይተካዋል። ለዱር ኑሮው ብዙነቱ መዳኛው ነው።

በሳይንስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ የአብዛኞቹ ዛፎች ጕልበት ወደ ጫፍ ያደላል። የላይኛው ቡቃያ የታችኞቹን አፍኖ ወደ ፀሐይ ይሮጣል። አዛሊያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጕልበቱ ከታች ነው። ራሱ ደካማ፣ እግሩ ብርቱ ነው። ዝም ብለው ቢተዉት በየዓመቱ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ እያወጣ ወደ ጐን ይሰፋል፤ ጫፉም ቀስ በቀስ እየደከመ ሊደርቅ ይችላል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ቍጥቋጦ አንድ ወፍራም ግንድ ያለው ዛፍ ለማውጣት የተነሣ ሰው የተክሉን የተፈጥሮ ዝንባሌ ጠንቅቆ አውቆ ሥራውን ሳያቋርጥ መያዝ አለበት።

የሥራው መጀመሪያ ትንሽ ነው። በሰኔ፣ የጃፓን ዝናም በሚዘንብበት ወራት፣ በዓመቱ ከበቀለው ለጋ ቅርንጫፍ የጣት ቁመት ያህል ይቈረጣል። የታችኛው ቅጠል ተነሥቶለት በእርጥብ አፈር ይተከላል። በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ሥር ይሰዳል። ዘር ያልዘሩበት ምክንያት ከዘር የሚበቅለው አዛሊያ እናቱን ላይመስል ስለሚችል ነው። ከቍራጭ የሚበቅለው ግን የእናቱ የራሷ አካል በመሆኑ አበባው ያው ነው።

ችግኙ ጥቂት ካደገ በኋላ ከሥሩ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቡቃያ ማውጣት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ አትክልተኛው ይመርጣል። አንዱን ያስቀርና ሌሎቹን ከመነሻቸው ያነሣቸዋል። ባሕር ዛፍ የቈረጠ የአገራችን ገበሬ ይህን ሥራ በሚገባ ያውቀዋል። ከጕቶው ላይ የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ቢተወው ለማገር የሚሆን ቀጫጭን እንጨት ያገኛል እንጂ ምሰሶ አያገኝም። ምሰሶ የፈለገ ብርቱውን ቡቃያ መርጦ የቀረውን ያስወግዳል። በአዛሊያ ያለው ልዩነት ምርጫው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ተክሉ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከሥሩ ያቈጠቍጣል፤ በሦስተኛውም በዐሥረኛውም ዓመት እንዲሁ። ባለቤቱም በየወቅቱ እየተመለሰ ያንኑ ምርጫውን ያጸናል። አንድ ግንድ ያለው አዛሊያ ያደገ ሁሉ ባለቤቱ በየዓመቱ ደጋግሞ የመረጠው ነው።

የተመረጠው ግንድ ገና እርሳስ ያህል ሳለ ቅርጹ ይወሰናል። ሽቦ በዙሪያው ተጠምጥሞ በሚፈለገው አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይታጠፋል። የአዛሊያ እንጨት ተሰባሪ ነው። በዕድሜ ከጠነከረ በኋላ ላጥፍህ ቢሉት ይሰነጠቃል። በለጋነቱም ቢሆን ብዙዎች ሽቦ ከማሰራቸው በፊት ውሃውን ጥቂት ይቀንሱለታል፤ ውሃ የጠገበ ቅርንጫፍ ይበልጥ ተሰባሪ ነውና። ሽቦውም ልጡን ሳይበላው በጊዜው መፈታት አለበት። ረስተው የተዉት ሽቦ ምልክቱ በግንዱ ላይ ለብዙ ዘመን ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ቦንሳይ ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ችግኙን በትንሽ ገበታ ተክሎ፣ ሥሩን እየቈረጡ ማሳነስን ነው። ወፍራም ግንድ የሚፈልግ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። ችግኙን ወስዶ በሰፊ መሬት፣ በእርሻ ላይ ይተክለዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ግንድ እንዴት እንደሚወፍር ማስታወስ ያስፈልጋል። በልጡና በእንጨቱ መካከል አንድ ስስ ሕያው ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በየዓመቱ አዲስ እንጨት እየሠራ በግንዱ ላይ ቀለበት ይጨምራል። ለሥራው የሚያስፈልገውን ምግብ የሚያዘጋጁለት ቅጠሎች ናቸው። ቅጠል ሲበዛ ቀለበቱ ይሰፋል፤ ቅጠል ሲያንስ ይጠባል። ቅርንጫፎቹ ሁልጊዜ የሚከረከሙበት፣ ሥሩ በገበታ የተጨነቀበት ችግኝ ቅጠሉ ጥቂት ስለሆነ፣ 20 ዓመት ቢቈይ እንኳ ግንዱ የሚጨምረው ኢምንት ነው። ስለዚህ ግንድ በገበታ ላይ አይወፍርም። ግንድ የሚወፍረው በነጻነት ነው።

በእርሻ ላይ ያለው ችግኝ እንግዲህ ይለቀቃል። ወደ ላይ ይረዝማል፤ ቅርንጫፎቹም ይንሰራፋሉ። የሚገርመው ግን ከእነዚህ ቅርንጫፎች ብዙዎቹ በመጨረሻው ዛፍ ላይ የሚቀሩ አለመሆናቸው ነው። አንድ ቅርንጫፍ የሚያወፍረው በአመዛኙ ከእርሱ በታች ያለውን የግንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከግንዱ ግርጌ አጠገብ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ያለ ልክ እንዲያድጉ ይተዋቸዋል። ግርጌው ሲሰፋ ተቈርጠው ይጣላሉ። የመሥዋዕት ቅርንጫፍ ልንላቸው እንችላለን። ዋናውም ግንድ ረዝሞ በሚገባ ሲወፍር ከወገቡ ይቈረጥና፣ ከቍራጩ አጠገብ የወጣ አዲስ ቡቃያ ጫፍ እንዲሆን ይመረጣል። ይህም ጫፍ ሲወፍር ደግሞ ይቈረጣል። ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄደው ውብ ግንድ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ዐሥር ዓመት፣ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመትም ይፈጃል።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አበባስ? አበባው እምቡጥ ሳለ ይለቀማል። እዚህ ላይ ጥቂት ላስረዳ። አበባ ለተክል ትልቅ ወጪ ነው፤ ዘርም ከያዘ ወጪው የባሰ ይሆናል። ተክሉን ገና በሚያሳድጉበት ጊዜ ጕልበቱ ወደ ግንድና ወደ ቅጠል እንዲሄድ ስለሚፈለግ፣ ሰዎች ያን ሁሉ የደከሙለትን አበባ በገዛ እጃቸው ይነቅላሉ። ዛፉ ካለቀለትም በኋላ ቢሆን አበባው እንደ ረገፈ የደረቀው ሁሉ ይለቀማል፤ ቅርንጫፎቹም ወዲያው ይከረከማሉ። ይህን ማዘግየት አይቻልም፤ የሚመጣው ዓመት እምቡጥ የሚፈጠረው በዚያው በጋ በሚያድገው ቡቃያ ጫፍ ላይ ነውና። ዘግይቶ የከረከመ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ አብሮ ይቈርጠዋል። በሚከረክሙበትም ጊዜ ታችኛውን ቅርንጫፍ አጥብቀው፣ ላይኛውን ቀለል አድርገው ነው፤ የአዛሊያ ብርታት ከታች መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ።

ግንዱ በቃ ሲባል ዛፉ ከእርሻው ይነቀላል። ያን ጊዜ ቢያዩት ያሳዝናል። ቅርንጫፎቹ በሞላ ጎደል ተመልምለው አጭር፣ ወፍራም፣ ራቍት ጕቶ ብቻ ይቀራል። ሌላ ዛፍ እንዲህ ቢደረግ ይሞት ይሆናል። ለአዛሊያ ግን ልዩ ስጦታ አለው፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ እንኳ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ከእነዚህ ቡቃያዎች መካከል በተገቢው ቦታ የወጡት ብቻ ተመርጠው አዲሶቹ ቅርንጫፎች ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ገበታው፣ መቀሱና ሽቦው የሚመጡት። ዛፉን ያወፈረው ነጻነት ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን ዛፉን የሚያሳምረው ሥርዐት ይጀምራል። የቅርንጫፎቹም ሥራ እንደገና ብዙ ዓመታት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜም ግንዱን በእርሻ ያሳደገው ሰውና ቅርንጫፉን በገበታ የሚሠራው ሰው የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው የደከመበትን ዛፍ አበባ ሳያይ ለሌላ ያስረክባል።

ከዓይነቶቹ መካከል ኦሳካዙኪ የሚባል አለ፤ ትርጓሜው ትልቅ ጽዋ ማለት ነው። ግንዱ ፈጥኖ የሚወፍር በመሆኑ አንዳንዶች በእርሱ ግንድ ላይ የሌላ ዓይነት አዛሊያ ቅርንጫፍ ያዋሕዱበታል። ሌሎቹ ዓይነቶች ደግሞ በአንድ ዛፍ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ በነጭ ላይ ቀይ ሰረዝ ያለበት አበባ በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። በእነዚህ ዛፎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀይ ብቻ የሚያብብ ቅርንጫፍ ብርቱ ስለሆነ ያለ ልክ ከተተወ ሌሎቹን ይውጥና ዛፉ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ደካማው ቀለም እንዳይጠፋ ብርቱውን ይገታዋል።

ስለ አፈሩም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ከቶኪዮ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቶቺጊ አውራጃ፣ ካኑማ የምትባል ከተማ አለች። የከተማይቱ አበባ ሳትሱኪ ነው፤ በየዓመቱም የሳትሱኪ በዓል ይከበርባታል። ካኑማ በዚህ ዛፍ የታወቀችው ከእግሯ በታች ባለው አፈር ምክንያት ነው። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት፣ ከዚያች ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው አካጊ የተባለ ተራራ በእሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ቢጫ ጠጠር በአገሩ ላይ አወረደ። ይህ ጠጠር ዛሬ ከምድር በታች ተነባብሮ ይገኛል፤ እየተቈፈረም በዓለም ሁሉ ይሸጣል። ለአዛሊያ የሚስማማበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የአዛሊያ ሥር እንደ ጠጕር የቀጠነ ስለሆነ ውሃና አየር አብሮ የሚገኝበት አፈር ይፈልጋል፤ ይህ ጠጠር ውሃ ይይዛል፣ ትርፉን ደግሞ ያሳልፋል። ሁለተኛ፣ ኮምጣጣ አፈር ነው። አዛሊያ በፒ ኤች መለኪያ ከ5 እስከ 6 ባለው ኮምጣጣ አፈር ይደላዋል። ኖራነት ባለው አፈር ላይ ከተተከለ፣ በአፈሩ ውስጥ ብረት ሞልቶ ሳለ ሊወስደው ስለማይችል ቅጠሉ ይገረጣል። ሦስተኛ፣ ጠጠሩ እርጥብ ሳለ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ይነጣል፤ ስለዚህ ለአትክልተኛው ውሃ የሚጠማበትን ጊዜ ይነግረዋል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በጃፓን አትክልተኞች ዘንድ ውሃ ማጠጣትን ብቻ ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጃል ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። «ዛፍን በሽቦ ማሰር፣ ሥሩን መቍረጥ፣ በገበታ ላይ ማኖር ግፍ አይደለምን? እግዚአብሔር በፈጠረው መጠን ቢያድግ ምን ነበረበት?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞውን አልንቀውም። ነገር ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። በመጀመሪያ፣ ቦንሳይ በረኀብ የቀጨጨ ዛፍ አይደለም። በየዕለቱ ውሃ ይጠጣል፣ በየጊዜው ምግብ ይሰጠዋል፣ በየጥቂት ዓመቱ አፈሩ ይታደሳል። ትንሽ የሆነው ስለሚከረከም እንጂ ስለ ተራበ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ቢተክሉት መልሶ ያድጋል። ሁለተኛ፣ የሚገደው ሰው ካላገኘ በበጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ቦንሳይ ሁሉ ያለ ማቋረጥ የተጠበቀ መሆኑን ይመሰክራል። ለዚህ ከአዛሊያ ወጣ ብዬ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዋሽንግተን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የዕፀዋት ማእከል፣ ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ በገበታ የኖረ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። ዛፉ የያማኪ ቤተ ሰብ ንብረት ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. አቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ በወደቀ ጊዜ በዚያች ከተማ በቤተ ሰቡ ግቢ ውስጥ ሳለ ተረፈ። በ1976 ዓ.ም. ከሌሎች ዛፎች ጋር ለአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ ሆኖ ተሰጠ። ባለቤቶቹ አገሪቱ ቦምቡን ለጣለችባቸው ሕዝብ ዛፉን ሰጡ። ይህ ዛፍ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የሰጪዎቹም የተቀባዮቹም እጅ ያልተለየው ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ጓደኞቼ ላቀረቡልኝ ጥያቄ መልስ የምሰጥበት ጊዜ አሁን ነው። ሰው ዛፍ አይደለም። ዛፍ የሚቈርጠውን እጅ አይመርጥም፤ እኛ ግን ልብና ፈቃድ ተሰጥቶናል። ስለዚህ ምሳሌውን ከመጠን በላይ ልስበው አልፈልግም። ነገር ግን ከዚህ ዛፍ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ፤ ለሦስት ወገንም እነግራለሁ።

የመጀመሪያው ለእኛ፣ ዘንድሮ ትምህርታችንን ለምንጨርሰው ነው። በእያንዳንዳችን ሥር ብዙ ቡቃያ አለ። ሐኪም ልሆን፣ መሐንዲስ ልሆን፣ ነጋዴ ልሆን፣ ሙዚቃ ልማር፣ ወደ ውጭ አገር ልሂድ እንላለን። ከእነዚህ አንዱም መጥፎ አይደለም። በአዛሊያም ሥር ተቈርጦ የሚወድቀው ቡቃያ ጤናማ ቡቃያ ነው። የሚቈረጠው ስለከፋ አይደለም፤ ሁሉም ከቀሩ ሁሉም ስለሚቀጥኑ ነው። ምርጫ የሚያሳዝን ነገር መሆኑን መካድ አይገባም፤ መልካም ነገር ትቶ ማለፍ ነውና። ደግሞም አንድ ቀን መርጠን የምንገላገለው አይደለም። ቡቃያው በየዓመቱ ይመለሳል፤ እኛም በየዓመቱ እንደገና መምረጥ ይኖርብናል።

ሁለተኛው ለወላጆቻችን ነው፤ በትሕትናና በአክብሮት እናገራለሁ። እናንተ አበባችንን ለማየት ብዙ ደክማችኋል። ደመወዛችሁን ለትምህርት ቤት ከፍላችኋል፤ ለራሳችሁ ያስቀራችሁት ጥቂት ነው። አንዳንዶቻችን በዚህ ዓመት አበባ እናሳያችሁ ይሆናል፤ ሌሎቻችን ግን ገና ግንድ በማወፈር ላይ ነን። የሚታይ አበባ የሌለበት ዓመት ከንቱ ዓመት አይደለም። ያለ ጊዜው ያበበ ችግኝ ግንዱ ቀጭን ሆኖ እንዳይቀር፣ ጥቂት ዓመት ትታገሡን ዘንድ እንለምናችኋለን።

ሦስተኛው ለመምህራኖቻችን ነው። ገበታና መቀስ አስፈላጊ መሆናቸውን አልክድም። የጧት ደወል፣ የቤት ሥራ፣ ቅጣትም ሳይቀር ቅርጽ ሰጥተውናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ገበታ ከእርሻ ከቀደመ ግንዱ ለዘለዓለም ቀጭን ነው። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ታናናሾቻችን፣ ከመከርከማቸው በፊት ሰፊ መሬት እንድትሰጡአቸው እለምናለሁ። ይጠይቁ፣ ያንብቡ፣ ይሞክሩ፣ ይሳሳቱም። የትኛው ቅርንጫፍ የመሥዋዕት ቅርንጫፍ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ በኋላ የሚጣለው ቅርንጫፍ እንኳ ግንዱን አወፍሮ ያልፋል።

ዛሬ የምናከብረው የምሥረታ በዓል ነው። ይህን ትምህርት ቤት የተከሉት ሰዎች ሁሉ ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ አዳራሽ የሉም። በካኑማ እርሻ ላይ ግንዱን አሳድጎ ለሌላ እንደሚያስረክበው ሰው፣ እነርሱም አበባውን ሳያዩ ለሌላ እጅ አስረክበዋል። እኛም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዚህ በር እንወጣለን፤ ጥላውን የተጠለልንበትን ዛፍ በመጠበቅ ረገድ ከእንግዲህ ድርሻ ይኖረናል። የድሮ ተማሪ መባል ማዕረግ ብቻ ሳይሆን ውሃ የማጠጣት ተራ መሆኑን እንዳንረሳ፣ ለራሴም ለጓደኞቼም አሳስባለሁ።